ያልታጠበው ስፖንጅ

አዛናው ለሥራ መተማ ሲወርድ፣
ወረቀት ሰጠኝ አውቶብሱ ሳይሄድ፤
በእርሳስ የጻፈው፣ አራቴ የታጠፈ፣
እንደ ሐኪም ማዘዣ የተንሻፈፈ፦
«ስፖንጁን በየሦስት ቀኑ አውጥተሽ እጠቢው፣
ጥርግ አድርገሽ ጭመቂው፣ መልሰሽ ግጠሚው።
ዓሦቹን አደራ።»
ከዚህ በታች ባዶ ነው።
ስለ እኔ ምንም የለም። ይሁን። ልማዱ ነው።

ገንዳውን የሠራው ከመስኮት መስታወት፣
በሲሊከን አጣብቆ፣ ስንት ቅዳሜ ፈጅቶበት፤
ከላይ ሰባት ዓሦች፣ ከሥር ሌላ ገንዳ፣
ውሃው በቱቦ ወርዶ በስፖንጅ ሊጸዳ፤
ትንሿ ፓምፕ ደግሞ እየገፋችው ሽቅብ
ሌሊቱን ታጉረመርማለች እንደ ከፋው ቤተሰብ።

ጎንደር ነው ያለነው። አንገረብ ሞልቶ ቢያድርም
ማራኪ ላይ ውሃ በዘጠኝ ቀን አንዴ እንጂ አይመጣም፤
ቧንቧው ሲያስል ሰምተን፣ ተነሥተን በጨለማ፣
ጀሪካን ስንደረድር ሰፈሩ ሁሉ ሲሰማ።
ስፖንጁ ለአንድ እጥበት ግማሽ ጀሪካን ይፈልጋል፤
ሂሳብ አስተምራለሁ፣ ድምሩ ያስደነግጣል፦
በወር አሥር እጥበት፣ አምስት ጀሪካን ሙሉ።
የራሴን ፀጉር ሳልታጠብ ሳምንታት ይቆጠራሉ።
ፈንታነሽም በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ
«የዓሣ ውሃ ቀጂ!» ትለኛለች፣ ሲመሽም ሲነጋ።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ።
ፓምፗ ዝም አለች። ቤቱም ዝም አለ።
በሞባይል ብርሃን ታችኛውን ገንዳ ሳይ፣
እኔ ሳምንት ሙሉ የማሳድደው ደለል
ቀስ፣ ቀስ እያለ
ማንም ሳያዘው ወለሉ ላይ ተኛ።
ለካ ማረፊያ አጥቶ ነው፤
የኛ ጥድፊያ ነው እሱን የሚያሯሩጠው፣
ወስዶ ስፖንጁ ውስጥ የሚሰነቅረው።

በማግሥቱ ከተሰበረ የፎቶ ፍሬም
መስታወቱን ነቅዬ ለገንዳው ግድግዳ አበጀሁለት፤
ውሃው ወደ ስፖንጁ ከመዝለሉ በፊት
አንድ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ትንሽ የሚቀመጥበት።
ከቱቦው አፍ ላይ ደግሞ
(እዚህ ላይ እንዳትስቁ)
ከምረቃዬ ቀን የቀረ፣ ጉልበቱ የተተረተረ
ስቶኪንጌን አሰርኩ።
ሻካራው ቀድሞ ይያዝ፣ ደቃቁ ኋላ ይድረስ፤
ወንፊት ያለው ቤት ሁሉ ያውቀዋል ይሄንን።
በእፍኝ የነበረውን ምግብ በቁንጥር አደረግሁት፤
ዓሦቹ ሁለት ቀን አኮረፉ፣ በሦስተኛው ረሱት።
ፈንታነሽ ሳትቀር ከሳሎኗ ሐረግ ቀንጥሳ
«በይ ይሄንንም አጠጪ» ብላ ሰጠችኝ።
ሥሩ ውሃው ውስጥ እንደ ነጭ ጺም ረዘመ፤
ከዓሦቹ የተረፈውን እየጠጣ ለመለመ።

አሥር ቀን። ሃያ ቀን። አላጠብኩትም።
ስፖንጁ ቡናማ ፀጉር ሲያበቅል ፈራሁ፤
በአፍንጫዬ ቀረብኩት፤
የሸተተኝ ዝናብ የመታው አፈር እንጂ ግማት አልነበረም።
ያልታጠበ ሁሉ ቆሻሻ አይደለም፤
ሥራ ላይ ያለ፣ የማይታይ ነፍስ አለበት፣
እኔ በየሦስት ቀኑ በቧንቧ ውሃ ስፈጀው የኖርኩት።
በወሩ መጨረሻ፣ በዓሦቹ በራሳቸው ውሃ፣
ነካ ነካ አድርጌ ሳልጨምቅ መለስኩት፤
እጣቢውን፣ ከሥር ከተኛው ደለል ጋር፣
ለጓሮው ቃሪያ አጠጣሁት።

አዛናው በአርባ ቀኑ ቅንድቡ አቧራ ለብሶ ገባ።
ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ዓሦቹን ቆጠረ።
ሰባት።
ጎንበስ ብሎ የታችኛውን ሳጥን በር ከፈተ፤
«ይሄ ምንድን ነው?»
«ስቶኪንግ።»
«የማን?»
«የኔ ነዋ።»
ዝም አለ። ውሃውን አየው፤
ከማዶ የግድግዳው ስንጥቅ ሳይቀር ይታያል።
«ስንት ጊዜ አጠብሽው?»
«አንዴ።»
በእርሳስ የጻፈው ወረቀት ገንዳው ሥር ነበር፣
እግሩ እንዳይወላገድ አጣጥፌ የሰካሁት።

የምለው ብዙ ነበረኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ
ለምን ስልክ እንዳልደወለ፣ ለምን እንዲህ፣ ለምን እንዲያ፤
አፌ ድረስ መጣ።
ትንሽ ይቀመጥ ብዬ ተውኩት።

ሲመሽ፣ ራት ላይ፣ ቀና ብሎ አየኝ፤
«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ላይ የተቀየረ ነገር አለ።»
«ፀጉሬን ታጥቤ ነው» አልኩት።