የአምስት ሊትር ጋን

እትዬ ደጊቱ ጠላ ቤቷን ዘግታ፣
ባሕር ዳር ገባች፣ በልጇ ተጠርታ።
ሞጣ ምን ቸገራት፣ ጠላ ቤት ሞልቷታል፤
የርሷን የለመደ ከማን ይስማማል?
ከዘንጉ ላይ ቀርቶ የተደፋው ጣሳ፣
ቋ ቋ ይላል ሌሊት፣ ነፋስ በተነሣ።

እኔ፣ ከእጅ ወደ አፍ፣ ኬሚስትሪ አስተማሪ፣
የቤት ኪራይ ከፋይ፣ ለብቻዬ ኗሪ፣
ስካር አላማረኝ፣ ጭፈራም አይደለም፣
ከአንድ ሽክና በቀር የምለምነው የለም።

ደወልኩ፦ «ልጥመቅ ብል፣ ትንሽ፣ ለብቻዬ፣
መጠኑን ንገሪኝ፣ በሞቴ እትዬ።»
ሳቀች። ሳቋ ራሱ ጉሽ ጉሽ ሸተተኝ፤
ቆይታ ቆይታ እንዲህ መለሰችኝ፦
«ለአንድ ሰው? ለአንድ ሰው ጠላ መቼ አየህ?
የማኅበር ልንገርህ፣ የሰርግ ልንገርህ፣
የወንፈል ዐውቃለሁ፣ የተዝካር ዐውቃለሁ፣
የአንድ ሰው ግን ልጄ ከየት አመጣለሁ?
ጋኑን ለእንስራ፣ እንስራን ለአራት…»
ዝም አለች ስትቆጥር፣ ጣቷ እስኪያልቅባት።

«ጌሾው አንድ እፍኝ፣ ባንተ ሳይሆን በኔ፣
ሰፊ ነው መዳፍህ፣ ይመርራል ወገኔ።
ብቅል አንድ ጣሳ፣ የገብስ፣ ያልሻገተ፣
አሻሮው ጠይም ይሁን፣ ከሰል ሆኖ ያልሞተ።
ቀድሞ ግን ዕቃውን በግራዋ ፈትገህ፣
በወይራ አጥነህ፣ ጥንስሱን ጥለህ፣
ድፍድፉ ሦስት ቀን ሲሞላው…» ልትነግረኝ፣
ኔትወርኩ ሄደና ቀረሁ እንዳማረኝ።

ቅዳሜ ገበያ ብቅል ስቀምስ አየኝ፣
ተማሪዬ አንሙት፤ «ድግስ አለ?» አለኝ።
«የለም» ብዬ ሸሸሁ፣ ፌስታሌን ደብቄ፣
የገዛ ጌሾዬን እንደ ሌባ ሰርቄ።

ጋን የለኝ፣ ጀሪካን፤ ባለ አምስት ሊትር፣
ዘይት የነበረበት፣ ሽታው የማይሽር።
ወይራ ባጥንበት ከንፈሩ ቀለጠ፣
ጠላ ሳይቀምስ ገና አፉ ተገለበጠ።
ጌሾው ውኃ ጠጥቶ አረፋ ሲደፋ፣
ብቅሉ ተከተለ፣ ሽታው በሬን ገፋ።
አሻሮ ስቆላ፣ በጢስ እያነባሁ፣
ጠላ ልጠምቅ ብዬ በላብ ተጠመቅሁ።

ይታሸግ ይላሉ። አሸግሁ። አጠበቅሁ።
ላስቲክ ደረብሁበት፣ በገመድ አነቅሁ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ጓ! አለ ክዳኑ፣
ሕልም መሰለኝ እኔስ፣ ውሾቹ ግን አመኑ፤
ጎረቤት አያ ዋሴ «ተኩስ ነው!» ቢል ከአልጋ፣
ድፍድፍ በግድግዳ ይወርዳል ሲነጋ።

ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ ዓመት ከዓመት እኔ፣
«ስኳር ጋዝ ያወጣል…»፣ አልገባኝም ያኔ።
ጋን ጭቃ ይለብሳል፣ ጭቃ ይተነፍሳል፣
ላስቲክ ግን እንደ እኔ አፍኖ ይፈርሳል።

«ሦስት ቀን ሲሞላው ላላ አድርገው ብዬ…»
አለች፣ በሳምንቱ፣ መስመር አግኝታ እትዬ።

ሁለተኛው ዙር ላይ በጨርቅ ሸፈንሁት፣
ሲተነፍስ ማታ ተኝቼ ሰማሁት።
ቡፍ… ቡፍ… ይል ነበር፣ እንደ ተኛ ሕፃን፣
ቤቴ ሁለት ሆነ፣ እኔና ጀሪካን።

በአሥር ቀኑ ጠለለ፣ ዳማ በቅሎ መሰለ፤
በሽክና ቀዳሁት፤ «ጠጣ» የሚል የለ።
ለብቻ ቢጠጡት ስሙ ራሱ ወጣ፤
ጠላኝ፣ እኔም ጠላሁ፣ ጉሮሮዬ ተቆጣ።

አያ ዋሴን ጠራሁ፤ «ያን ሌሊት ላስነሣሁ!»
ብዬ፣ ለካሣ እንዲሆን አንድ ሽክና ሞላሁ።
እርሱ ቀመሰና ጢሙን ጠራረገ፣
ምንም ሳይለኝ ወጣ፣ ሌላ ሰው ፈለገ፤
የአንሙትን አባት፣ ደግሞ ሌላ አንድ ሰው
ይዞ ተመለሰ፣ በሬን ሳያንኳኳው።
«የደጊቱን መሳይ አይደለም» ተባለ፤
እየተባለ ግን ጀሪካኑ ጎደለ።
ጀንበር ሳትጠልቅ ገና ታየ የታች አተላ፤
«መቼ ነው» አለ ዋሴ፣ «የሚቀጥለው ጠላ?»

ስልኬን አነሣሁኝ፦ «እትዬ፣ የአራት ሰው…»
ኔትወርክ ሄደ። ይሂድ። እፍኜን ልቀንሰው።