የትርፍ ውሃ መንገድ

ከዚራ፣ ከጣቢያው ጀርባ፣ ከኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር፣
ሙሴ ጂብሪል ሳሎኑ ውስጥ ሊያኖር ነው ባሕር።

«ሙሴ» ከባቡሩ ጋር የመጣ ስም ነው፤
ፈረንሳዩ ሲሄድ ለመካኒኩ ተወው።
የመጽሐፉ ሙሴ ባሕሩን በበትር ከፈለ፤
የኛው በቢጫ ጀሪካን ከጅቡቲ እየቀዳ አግተለተለ።
ከጀሪካኖቹ ኋላ፣ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፣
የሚተነፍስ ድንጋይ ደረሰ፣ ሐምራዊ ቅርፊት አብቅሎ።

እኔን የጠራኝ ለመብሳቱ ነው።
«ረምዚ፣ እጅህ አይንቀጠቀጥም አሉ» አለኝ።
ብሎኬት ሲሆን እውነት ነው፣ አይንቀጠቀጥም፤
ሮቶ ስሰቅል፣ ጎሚቶ ሳጠብቅ አልታማም፤
መስታወት ግን ከተሰነጠቀ ይቅርታ አያውቅም።

በጭቃ ቀለበት ከበብነው፣ ውሃ አቆርንበት መሃሉን፤
ቀስ፣ ቀስ፣ እንደሚያስተኙት ሕፃን፣ አስጠጋሁ የድሪሉን አፉን።
ነጭ ወተት አመነጨ መስታወቱ እያቃሰተ፤
ሙሴ ዱዓ ጀምሮ ከመሃሉ ተሳሳተ።
ከዚያ፣ ጠብ! ክቧ ወደቀች፣ ሙሉ፣ እንደ ጅቡቲ ፍራንክ፤
ኪሴ ከተትኳት።

ቀሪው የለመድኩት ነው፤
ቀዳዳው ላይ ጎማ፣ በጎማው ኒፕል፣ በኒፕሉ ጎሚቶ፣
ሳራቺኔስካው ከሥር፣ ቴፍሎኑ በቀኝ ተጠምጥሞ።
ከላይ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያወጣ ሣጥን፣
ዓሣ የሚያስቀር፣ ውሃ የሚያሳልፍ።
ከታች ሁለተኛው ገንዳ፣ ፑምፓው የተኛበት።
የወረደው ይወጣል፣ የወጣው ይወርዳል፣ በስሌት።

ፈቲያ፣ የሙሴ እህት፣ ከበሩ አልገባችም።
ከደቻቱ ሌሊት ወዲህ ወለል ላይ ዕቃ አታስቀምጥም፤
ዱቄቱ ቁምሳጥን ላይ፣ ቁርኣኑ ቁምሳጥን ላይ፣ ጫማዋ ሚስማር ላይ፤
የአንድ ልጅ ፎቶ፣ ኮሌታው የተቆለፈ፣ ከሁሉም በላይ።

ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው ደቻቱ፤
ግመል ይሻገረዋል፣ ሰልባጅ ይነጠፋል በደረቱ።
ማዶ ተራራው ላይ ዘንቦ ያመሸ ለት ግን
ትርፉ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አልጠየቀ።

እሷ ጠየቀች፤ «ትርፉስ?»
ጣቴን ቀሰርኩ፤ «በዚህ ይወርዳል፣ በዚህ ይመለሳል።»
«መብራት ሲጠፋስ?»
ሙሴ ሳቀ፤ «አላህ ያውቃል።»
«አላህማ ያውቃል። ቧንቧችሁስ?»

ሄዳ ቆጣሪውን አጠፋችው።

ፑምፓው ዝም አለ። ጣሪያው ላይ ቬንትሌተሩ ዘገየ፣ ቆመ።
ውሃው አልቆመም፤
በመጣበት ቧንቧ ዞረ፣ ወደ ኋላ ይመጠጥ ጀመር፤
የታችኛው ገንዳ ሞላ፣ አበጠ፣ ከንፈሩ ላይ ተንቀጠቀጠ፤
ሙሴ «ፎጣ! ፎጣ!» ይላል፤
እኔ ቧንቧውን ወደ ላይ መዘዝኩት፤
አየር ጠጣ፣ አጓራ፣ ተወ።
ወለሉ ላይ የደረሰው መዳፍ የማይሞላ ነበር።
ፈቲያ ግን ወንበር ላይ ወጥታለች።

ረስቼው ነበር፤ ያቺን ትንሽ ቀዳዳ፣
በመመለሻው ቧንቧ ላይ፣ ከውሃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብላ፣
የስንዴ ፍሬ የምታህል፣
ውሃው ሲጎድል ትንፋሽ የምታስገባ።
የያዘውን የሚለቀው ሲተነፍስ ነው፣ ውሃም።

በሳኋት።
መብራቱን ራሷ መለሰች፣ ራሷ አጠፋች።
ሁለቴ። ሦስቴ። ሙሴ «በቃሽ» አላት፤ አራቴ።
ውሃው በየጊዜው እዚያው ይቆማል፣ ከአፉ አራት ጣት ዝቅ ብሎ።

ከወንበሩ ወረደች። መዳፏን ወለሉ ላይ አሳረፈች፣
ገልብጣ አየችው።
ደረቅ።
ማታ ዱቄቱን ከቁምሳጥኑ አወረደች።
ፎቶውን እዚያው ተወችው።

ክቧ መስታወት ኪሴ ውስጥ ናት።
ወደ ቤቴ ስሻገር ደቻቱ መሃል ቆሜ
አሸዋውን በሷ አየሁት፤ ያው አሸዋ ነው፣ ትንሽ አረንጓዴ።
ጠርዟ ገና ይቆርጣል፤ አልሞረድኳትም።