እግሩን ነው የማውቀው

የባሌን እግር ነው አጥብቄ የማውቀው፣
ከመኪና ሥር ነው ዕድሜው ያለቀው።
ሁለት ጫማ ብቻ፣ ቱታ እስከ ጉልበት፣
ቀሪው ታይስቶ ከማርሚታው ወዲያ፣ እዚያ ጨለማ ቤት።
"ቁልፍ አስራ ሰባት!" ይላል ድምፅ ከሥር፣
አቀብላለሁ እኔ፣ ለአንድ እጅ፣ ለጥቁር፤
እጁ ይወጣና ይሰወራል ደግሞ፣
እራት ይቀዘቅዛል፣ ሰውየው ተጋድሞ።

ካያኒ ላይ በረዶ ስድስት ወር ይተኛል፣
መንገድ ላይ ጨው ይረጫል፣ ጨው ሻንሲ ይበላል።
አሮጌዋን ሳባችንን ዝገት ሲቀምሳት፣
እሱ ሲሚንቶ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ይጠግናት።
ስድሳ ስድስት ሞላው። ጉልበቱ ሲነሣ
እንደ በር ይጮኻል፣ ዘይት እንደረሳ።

የጎረቤታችን የአውሊስ ክሪክ ጥቅምት ላይ ተንሸራትቶ ከዳው።
ስለዚያ አናወራም።
ጋራዡን ሚስቱ ናት የቆለፈችው፣ ቁልፉን ሐይቁ በላው።

ካታሎግ አስመጣሁ።
ታይስቶ በመነጽር፣ እኔ በጣቴ፣
ምሰሶ ስንቆጥር መሸ በወጥ ቤቴ።
አንዱ ማንሻ ድልድይ አለው፣ ገመዱ ከላይ የሚያልፍ፣
መልካም ነበር፤ የኛ ጣራ ግን አጭር ነው፣ አናት የሚገርፍ።
ሌላው ገመዱን በወለል ይሰዳል፣ ከብረት ሽፋን ሥር፤
"ያደናቅፋል" አለ።
"እግርህን አንሣ" አልኩት፣ "ይለመዳል ነገር።"
ክንዶቹስ? አራቱም እኩል ይሁኑ ወይስ የፊቶቹ ይጠሩ?
በር ምሰሶ እንዳይገጭ ስንሟገት ተኙ ጎረቤቶቹ ሁሉ።

ከኮኮላ የመጣው ሻጭ ለስላሳ ምላስ ነበረው፣
"አራት ቶን ያነሣል" አለ፣ "አምስትም ቢሆን አይከብደው።"
እኔ ሌላ ጠየቅሁ፦ "ገመዱ ቢበጠስ፣ ዘይቱ ቢፈስ፣
ማን ነው የሚይዘው፣ ሰው ከሥር እስኪወጣ ድረስ?"
ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ አሳየኝ የብረት ጥርስ፣
በየስንዝሩ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ የሚነክስ።
"ይህ መንከስ እንጂ" አለ፣ "መልቀቅ አያውቅም።"
"እንግዲያው ጥርሱን ነው የምገዛው፣ ቀለሙን አልጠይቅም።"

ግን ወለሉን ማን ጠየቀው?
አማቴ ነው በሰባ አራት፣ በባልዲ፣ ብቻውን ያፈሰሰው፤
በር አጠገብ የድመት ዳና አለ፣ ሳይደርቅ የረገጠችው።
ልጃችን ኢንኬሪ፣ በያጇ፣ ትራፓኖ ይዛ መጣች፣
አንድ ቀዳዳ፣ ሌላ ቀዳዳ፣ ሽቦ ሰድዳ ለካች።
"ሰባት ሳንቲ ሜትር" አለች። "ከዚያ በታች አሸዋ ነው።"
ታይስቶ የድመቷን ዳና አየ። ቆየ። "አባቴን ሲሚንቶ አነሰው"
አለ፤ "ያኔ ጆንያው ውድ ነበር፣ ማንስ ምሰሶ አስቦ?"
ስሱን ወለል ዳበሰው፣ እንደ ታመመ ፈረስ ጎን፣ ቀርቦ።

ምሰሶዎቹ የሚቆሙበትን ሁለት ጉድጓድ ቆረጥን፣
ብረት አሰርን፣ አርማታ ሞላን፣
የድመቷን ዳና ሳንነካ አለፍን።
ሃያ ስምንት ቀን አለች ኢንኬሪ፣ አርማታ አይቸኩልም፤
ታይስቶ በየማለዳው በጥፍሩ ይነካዋል፣ አያምንም።

ከዚያ፣ አንድ ቅዳሜ፣
ጥርሱ ቀጭ አለ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሰባቴ፣
ሳባችን አየር ላይ ወጣች፣ ሆዷ ታየኝ በሕይወቴ
ለመጀመሪያ ጊዜ፤ ጭቃ፣ ዝገት፣ የብየዳ ጠባሳ።
ከሥሯ ባሌ ቆሟል። ቀጥ ብሎ። ራሱን አንሥቶ፣ መብራት ይዞ፣ እጁን ሳያሳሳ።
ፊቱን አየሁት ሥራ ላይ፤ ለካ ምላሱን ይነክሳል፣
ለካ ብሎን ሲጠብቅበት አንድ ቅንድቡ ለብቻው ይነሣል።
ይህ ፊት ይህን ሁሉ ዘመን ከማርሚታ ጋር ሲያወጋ ኖሯል!

"ቁልፍ አስራ ሰባት!" አለ።
እጁን ግን፣ ከልማድ፣ ከጉልበቱ በታች፣ ወደ መሬት ዘረጋ።
እኔም ጎንበስ አልኩ፤
አቀበልኩት፣ ላርመው ሳልተጋ።