ጉርድ ፎቶ

በየዓመቱ ጥቅምት አልቆ ኅዳር ሲገባ ከደጄ፣
ነጩን ጨርቅ ከሣጥን አወጣለሁ፣ አራግፌ በእጄ።
ግሽ ዓባይ፣ ከባጃጅ ማዞሪያው ጎን፣ አንዲት ጠባብ ሱቅ፤
«ጉርድ ፎቶ በደቂቃ» ትላለች ሰሌዳዋ፣ ዝገት ቢበላትም ሳትወድቅ።

«ሂሳብና እንግሊዝኛ?» እላለሁ፣ ገና ሳይቀመጡ።
«በምን አወቅህ?» ይሉኛል። በሌላማ መቼ መጡ!

ድሮ፣ ሱቁን ስከፍት፣ ድጋሚ ተፈታኝ ማለት
አመሻሽ ላይ፣ ሰው ሲያልቅ፣ የሚመጣ ነበር በስርቆት፤
ጎረቤት እንዳያየው ኮፍያውን ደፍቶ፣
«ለመታወቂያ ነው» ብሎ፣ ሳልጠይቀው ዋሽቶ።
ዛሬ በቡድን ይመጣሉ፣ ተሰልፈው፣ እየሣቁ፤
አንዲት ሸሚዝ ለስድስት ስትበቃ አየሁ፣ እያወለቁ እያጠለቁ።

ቁጥር አልወድም እኔ። ወረቀቱ ግን ይቆጥርልኛል፦
ካቻምና ሁለት ፓኬት፣ አምና አምስት፤
ዘንድሮ ገና በታኅሣሥ ዘጠነኛው ተከፍቷል።

ይርሳው አምና እንግሊዝኛው ቀናው፣ ሂሳቡ ግን ጣለው፤
ክረምቱን ከሂሳብ ጋር ሲታገል፣ ያ የያዘው ጠፋው።
«ሁለቱ ጣውንት ናቸው» አለኝ፣ ክራባቱን እያሰረ፣
«አንዷን ሳባብል፣ የሌላዋ ፊት ጠቆረ።»

ባንቻየሁ ወደብ ላይ ናት፤ የደንገል ታንኳ ትሸጣለች፣ መዳፍ የምታህል፤
«ጉድ ፕራይስ፣ ማይ ፍሬንድ» ስትል ፈረንጁ ሲሥቅ ቆሞ ይውል።
ቋንቋው ምላሷ ላይ አለ፤ ለቤት ኪራይ ይበቃታል፤
ወረቀት ላይ ሲያገኛት ግን፣ እንደማያውቃት ያልፋታል።
«‹ሀድ ቢን› ብሎ የተከራከረኝ ገዢ የለም» ትላለች፤
ያችን ጥያቄ ሁለት ዓመት በቂም ይዛታለች።

አትንኩት ጀልባ ነጂ ነው፣ የዘጌ መስመር፤
ስንት ሰው፣ ስንት ሊትር ቤንዚን፣ እንቦጩ ሞተሩን ቢይዘው ስንት ደቂቃ እንደሚጨመር
ያለ እስክሪብቶ፣ ሐይቁን አንዴ አይቶ ያሰላል።
የኤክስን ዋጋ ፈልግ ሲሉት፣
«ማን ደብቆት ነው?» ይላል።

ከአንድ ሰው አራት ይታተማል፤ ፎርሙ የሚፈልገው ሁለት።
«የቀረው ለከርሞ ይሁነኝ» እያሉ ይቀልዱበት፣
ትተውልኝ ይወጣሉ። መጣል አልሆነልኝም፤ የብስኩት ካርቶን ሰጠሁት።
ለከርሞ ደግሞ አይሠራም፤ «አዲስ ፎቶ» ይላል ማስታወቂያው፤
ሰው ፊቱ እንዳረጀ ማን ነገረው?

ባለፈው መብራት ጠፍቶ፣ ሥራ ፈትቼ፣ ካርቶኑን ከፈትሁ፤
አትንኩትን ከአትንኩት ጎን ጠረጴዛ ላይ ደረደርሁ።
የመጀመሪያው ጢም የለውም፤ ዓይኑ ካሜራዬን አልፎ ሌላ ከተማ ያያል።
ሁለተኛው ከንፈሩን ገጥሟል፤ ፀሐይ ግንባሩን ይዞታል።
ሦስተኛውን ትናንት አነሣሁት፤
ፈገግ ብሏል።
ፈገግታው ነው ያስፈራኝ።
ተስፋ ይሁን፣ ልማድ ይሁን፣ ፎቶው አልነገረኝ።

ከካርቶኑ ሥር፣ ከሁሉ በታች፣ አንድ ቢጫ ፎቶ አለ፤
የወንድሙን ሸሚዝ የለበሰ፣ «ለከርሞ» እያለ እያለ
በሁለት ነጥብ ሂሳብ ከልክሎት፣ ካሜራ ገዝቶ የቀረ።
አላወጣሁትም።

ዛሬ አትንኩት ተመልሶ መጣ፣ ሱሪው ከጉልበቱ በታች ርሶ።
«አራቱንም ስጠኝ።»
«ፎርሙ እኮ ሁለት ነው...»
«አውቃለሁ። እዚህ ካርቶን ውስጥ እንዲያድር አልፈልግም፣ ፊቴ መልሶ።»
ሰጠሁት። በላስቲክ ጠቅልሎ ከደረት ኪሱ ከተተው።
ከወደብ ጡሩምባ ተሰማ፤ ተሳፋሪ ሞልቶ ኖሮ፣ ጠራው።

ሲሄድ ሱቁን ልዝጋ ብዬ ጨርቁን ላጣጥፈው ያዝኩት።
መልሼ ሰቀልኩት።
ከበርጩማው ተቀመጥኩ፣ ካሜራውን በዐሥር ሰኮንድ ሞልቼ፤
«አገጭህን ቀና፣ ዓይንህን አትጨፍን» አልኩ፣
ለሌላው ሰው እንደምለው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ብቻዬን ተቀምጬ።