የዳማው ዓይን

ከአባቴ የወረስኩት ፒያሳ አንዲት ክፍል፣
ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ፣ ባንዱ የሚያነክስ፣ ሲደግፉት የሚዝል፣
ደግሞም አንድ ሸራ፣ ባሕር የተሳለበት፣
ነጭ መርከብ ከዳር፣ ሰማዩ የተላጠበት።
ግንቡ ከደጄ ቆሟል፣ ዘመናት ተሸክሞ፣
ሰው ግን «በባሕሩ» ይለኛል፣ ለግንቡ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ።
ባሕር አይቶ አያውቅም፤ ድንጋዩን ግን ጠግቦታል፤
የጠገቡትን ነገር ማን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል?

ቅዳሜ የሙሽሮች ነው። ፋሲል መዋኛ፣ ከዋርካው ሥር፣
ሚዜ ቬሎ ሲያነሳ፣ ንፋስ ፊቷን ሲሰውር፣
«ተጠጉ» እላለሁ። አይጠጉም።
እናቶች ከኋላ ናቸው፤ በነሱ ፊት አይደፍሩም።
የጨረስኩ መስዬ ካሜራውን ወደ ወገቤ ሳወርደው፣
ያኔ ነው ጣቷ ጣቱን ፈልጎ የሚያገኘው።
ያቺን እሰርቃለሁ።
ሌብነቱን አባቴ ነው ያስተማረኝ፤ ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ።

እሑድ ወይዘሮ ትርንጎ ከነልጆቻቸው መጡ ከማራኪ፣
ስምንት ናቸው፤ አንዱ ቆሞ፣ አንዱ ታዝሎ፣ አንዱ አልቃሽ፣ አንዱ ሳቂ።
«ወንበር ጨምሪ» አሉኝ። «የሚመጣ አለ?» «የለም።
ብቻ ይቀመጥ።» ሌላ አልጠየቅኩም።
ሁሉም ወደ እኔ ሲያዩ፣ ትንሿ ልጅ ብቻ
ዓይኗን ጣለች ወደ ባዶው መቀመጫ።

አስረበብ ደግሞ ውሻ አላት፤ «አልሰማሁም» ነው ስሙ፣
ያወጣችለት ለጎረቤት ነው፣ ነገር ሲያበዙ፣ ሲያሙ።
«አልሰማሁም! አልሰማሁም!» ብዬ ወደ ሌንሱ ስጠራው፣
አንድ መንገደኛ «ኧረ ማንም አልተናገረሽ» አለኝ ከበረንዳው።
ውሻው ዞሮ ሲያየው ጠቅ አደረግኩ። ከዓመቱ ሥራዬ ያ ይበልጥብኛል፤
አንድ ጆሮው ቆሟል፣ አንዱ ተኝቷል።

ባየልኝ የመጣው ግን ማክሰኞ፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣
ጋሪውን ከደጅ አቁሞ፣ ቆቡን በእጁ ሲጨምቅ፤
«ዳማዬን አንሺልኝ፤ ነገ አዘዞ ይሸጣል፤
ለባጃጅ ቀብድ ሰጠሁ፤ ጋሪ ዛሬ ማን ይሳፈራል?»
ፈረስ በእኔ በር አይገባም፤ ባሕሬም አይበቃው፤
ወደ ቀሃ ወረድን፣ እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ፣ መሃል ላይ ዳማው።
የንጉሡ ፈረስ፣ ዞብል፣ ተኝቶበታል ከሚሉት ድንጋይ፣
«እሱስ ቤት ሠራለት» አለ ባየልኝ፣ ጉልላቱን ቀና ብሎ ሲያይ፣
«እኔ ያለኝ ሁለት መቶ ብር ነው።»
ልጓሙን አወለቀ። በእርጥብ ጨርቅ ግንባሩን አበሰው።
ከጎኑ እንደ ወታደር ቀጥ ሲል «ሳቅ» አልኩት።
«በምኑ?» አለኝ።
ዳማው አስነጠሰ። አነሳሁት።

ሌሊቱን አትሜ ሳየው፣ ባየልኝን ጥላ ውጦታል፤
የዳማው ዓይን ግን እንደ ቀሃ ውሃ ሞልቷል።
እዚያ ውስጥ፣ የምስር ክክ በምታህል ብርሃን፣
ጉልበቷን ያጠፈች ሴት፣ ጥቁር ነገር የጋረደው ፊቷን።
እኔ ነኝ።
ሃያ ሁለት ዓመት ጎንደርን ሙሉ ሳነሳ፣
እኔን ያነሳኝ የለም። አባቴም እንዲሁ ነበር፤ የቀብሩ ለት፣ ፎቶው ጠፍቶ፣ ያ ሁሉ አበሳ፣
የመታወቂያውን ጉርድ አሳድገን፣
ማኅተሙ ግንባሩ ላይ እንዳለ፣ ይዘነው ወጣን።

ዛሬ ባየልኝ ባጃጁ ውስጥ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ጎን፣
ለጥፎታል ዳማውን።
ስሳፈር ሂሳብ አይቀበለኝም፤
«ፈረሱ ከፍሎልሻል» ይለኛል።
እኔም ከዚያ ዓይን ውስጥ፣ ከምስሯ ብርሃን ላይ፣
ፒያሳ አዘዞ፣ አዘዞ ፒያሳ፣ እመላለሳለሁ ሰው ሳያይ።
ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲያቃስት፣
ባየልኝ ጎንበስ ብሎ፣ ከጥርሱ መሃል፣
«ቸ! ቸ!» ይለዋል።