በረደን

ኅዳር ሲታጠን ነው ነገሩ የጀመረ፣
ደብረ ማርቆስ ሁሉ በጭስ እየታጠረ፤
ሦስት ዓመት ከደጄ ያልደረሰው እንየው
መዶሻውን ይዞ በሬ ላይ ቆሞ ባየው፣
ለጠብ መጣ ብዬ ክሪኬን ሳነሣ፣
እሱ አልፎኝ ገባና ዳበሰ እንደ እንስሳ
ያባቴን ዶልፊን፣ ያባቱን ዶልፊን፣
ጡብ ላይ የቆመችውን፣ ጡብ ያወራወረችን።

«የዝና» አለኝ፣ «ልጄ፣ እንቅልፍ ነሣችኝ፤
ከመጽሐፍ ላይ ሥዕል አይታ ጠየቀችኝ፤
ሰዎች በሳንቃ ላይ ሽቅብ ቁልቁል ሲሉ፣
በነጭ ተራራ እንደ ወፍ ሲከንፉ ሲውሉ።
‹የኛ ቾቄስ፣ አባ? አይነጣም ወይ ጠዋት?›
አለችኝ። ምን ልበላት?»

ስለ ጠባችን ግን አንድም ቃል አልወጣም።
«ባትሪው?» አለኝ። «ሞቷል።» «ጎማው?» «ዳገት አይወጣም።»

ወንበሮቿን ነቅለን ጣልናቸው ከነሽቦው፤
ላሜራው ሲራቆት ሸተተን ያባባ ላብ፣ የቆየ ናፍጣው።
በግድግዳዋ መሐል የበግ ጸጉር ጠቀጠቅን፣
ከሮብ ገበያ በኩንታል ተከራክረን ያመጣን።
«ቅማል ያፈላል» አልኩት። «ዝም ብለህ ጠቅጥቅ!» አለኝ፤
ከሦስት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያው ቁጣ፤ ደስ አለኝ።

በላዩ ኮምፔንሳቶ። በበሩ ለሚገባው ነፋስ
ከነመዳሪ ቀደን፣ በማስቲሽ፣ ከዳር እስከ ዳር ልባስ።
ራዲያተሩን ውርጭ ሌሊት እንዳይሰነጥቀው
ከባሕር ዳር ቀይ ፈሳሽ አስላክሁ፣ ውዱን፣ ስሙን የማላውቀው።
ለማሞቂያው ተሟገትን፤ እሱ ከሰል አለ፤
«ከሰል በዝግ መኪና? ስንቱን በተኛበት የገደለ!»
አንተ ብትሞት ማን ሊጣላኝ? ልለው ስል አፌ ዝም አለ።
ውስጥ እሳት አይገባም፣
ሰው በሰው ይሞቃል ብለን ፈረድን።

መንሸራተቻውስ? አናጢ ነው፣ ሳንቃ ሞልቶታል ቤቱን፤
እሱ ግን ቢጫ ጄሪካን ሰንጥቆ አለሰለሰ ጠርዙን፣
ገመድም አበጀለት። «ካገራቸው ይብሳል» አለ፣
ያገራቸውን ሳያይ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ እያስተካከለ።

ታኅሣሥ ሲገባ ወጣን። ባለቤቴ ይታይሽ በሶ ቋጠረች።
ዶልፊኗ አቀበቱን ባንደኛ ማርሽ፣ እያነጠሰች፣ እያረፈች።
መሸብን ቾቄ ላይ፤ ጓሳው ዳር ቆመን
ጅብራ ቅጠሏን ሰብስባ ልቧን ስታቅፍ አየን።
«እሷም በሯን ዘጋች?» አለች የዝና። «አዎ» አላት ወንድሜ፣
«ማንም ሳይነግራት።»
አየኝ። እኔ አቀረቀርኩ፣ ብሎን የጠፋኝ አስመስዬ፣ ወደ እግሬ።

ውጪ ውርጩ ሲናከስ፣ ውስጥ አራት ትንፋሽ ባንድ ባና፤
መስኮቱ ላባት፤ ልጅቷ በጣቷ ጻፈች፦ «የዝና»።
እኩለ ሌሊት ላይ የኔ ማስቲሽ ለቀቀ፣ በግርጌ ነፋስ ገባ፤
እንየው ተነሥቶ ወተፈው በጋቢ፣
ሦስት ዓመት «የት ደረሰ?» ስል በኖርኩት ጋቢ፣ ያባባ።
«በረደህ?» አለኝ በጨለማው።
«በረደኝ።»
«እኔንም።»
ከዚያ በኋላ ስለ ውርሱም፣ ስለ ጡቡም አልተነጋገርንም።

ጠዋት ጓሳው አመዳይ ለብሶ ነጣ፤ ሥዕሉን ያህል ባይሆንም።
የዝና ጄሪካኗ ላይ፣ ገመዱን ጨብጣ፣
«ልቀቁኝ!» አለች። ለቀቅናት። ሄደች አምልጣ፣
ሃያ ክንድ ያህል፤ ከዚያ ተገለበጠች፣ አፏን ሣር ሞላው፤
«ደግሞ!» አለች ከሣሩ ሥር፣ ገና ሳትተፋው።
ሰባት ጊዜ ወጣን፣ ወረድን። በስምንተኛው ፀሐይ ደረሰች፤
ተራራው ጤዛ ሆነና ጄሪካኗ ያዘች።

ባትሪው እምቢ አለ፤ ብርድ ነክቶታል። ይታይሽ መሪውን ያዘች፤
እኔና እንየው ከኋላ፣ ትከሻ ለትከሻ፣ እየገፋን፤
«አንድ፣ ሁለት!» ሲል ሲል መሐል፣
«እሽ፣ ትሸጥ ወይ?» አለኝ፤ ያን ጊዜ ተነሣ ሞተሩ።
«ምን አልከኝ?» አልኩት ጮክ ብዬ።
አልደገመውም። ጮኸ ሞተሩ።