እርሾ

ባይንዙ ነው ስሜ፣ ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፣
እርሾ ሠላሳ ዓመት ያስተዳደረኝ።
ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ ኑኦሮ ስትተኛ፣
እኔና እርሾዬ ነን የምንነቃው እኛ።
ቆንጠር አድርጌ ስኳር፣ ለብ ባለ ውሃ ስሰጠው፣
አረፋ ደፍቆ ሲነሳ፣ እንደ ሕፃን ነው የማየው።

ልጄ ቦናሪያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው።
ስኳር ከያዛት ሁለት ክረምት አለፈው።
መርፌዋን ራሷ ትወጋለች፣ ሆዷን በጣቷ ቆንጥጣ፣
አንድ ቀን እንኳ ሳትቆጣ።

በኅዳር ግን ዳቦ እምቢ አለች።
«እዚህ ጋ» አለች፣ ደረቷን እየነካች፣
«እሾህ አለ፣ አባባ፣
ምራቄም እየወጋኝ ነው የሚገባ።»

ሰበብ መሰለኝ። ልጅ መቼም ሰበብ አያጣም።
«ሳትበዪ» አልኳት «ከዚህ ወንበር መነሳት የለም።»
ጎረሰች። ዋጠች። እንባዋ ሳህኑ ላይ ወረደ።
እያየሁ ዝም አልኩ። ሌላም ቀን ሄደ።

በሳሳሪ ሆስፒታል፣ ልጄን አስተኝተው፣
በቀጭን ቱቦ ጫፍ ካሜራ አስገብተው፣
ዶክተር ኡሳይ ጠራችኝ ወደ ስክሪኑ፤
ቀይ ቧንቧ ነው፣ ዱቄት የተበተነበት መስሎ ነጥቶ ጎኑ።

እጅጌዬን አየሁ። እጅጌዬም ዱቄት ነበር።
«ፈንገስ ነው» አለች። «ከእርሾ ወገን፤ ቀለቡ ስኳር።
በደሟ ስኳሩ ሲያይል፣ በምራቋም ሲተርፍ፣
ጠባቂዎቿ ሲደክሙ፣ ይነሳል፣ ሌት ተቀን ሳያርፍ።»
ሌላም አለች። እኔ ግን ከዚያ በኋላ አልሰማሁም፤
የነገረችኝን ዐውቀው ነበር፤ በልጄ ግን አላየሁም።
ለብ ያለ ጨለማ፣ እርጥበት፣ ጣፋጭ፤ ሌላ ምን ይፈልጋል?
ይህን ጋጋሪ ካላወቀ፣ ሌላው ከየት ያውቃል?

ፍሉኮናዞል ሦስት ሳምንት። የኢንሱሊኗም ልክ ተቀየረ።
ባሥረኛው ቀን «የኛ እርሾ ነው?» አለችኝ፤ አፌ ታሰረ።
«የኛስ እቶን ሲገባ ይሞታል» አልኳት ቆይቼ።
«እኔ እቶን አልገባም!» ስትል፣ ሳቅኩ፣ ማልቀስ ፈርቼ።

ያ ወንበር እቶን ገብቷል፤ የት ሄደ ያለኝ የለም።
የዚያን ቀን ዳቦ ጣዕሙ የተለየ አይደለም።

ዛሬ የዳቦ ልብ ወተት ውስጥ ነክራ፣ ቀስ ብላ ዋጠች።
እጇ ደረቷ ላይ ነበር። ጠበቀች።
ከዚያ «ሌላ» አለች።

አሁን ከሌሊቱ ዘጠኝ ነው። እርሾው ድርሻውን ይጠብቃል።
ማንኪያው ስኳር እንደያዘ፣ እጄ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።